በቅሎዋ መንታ የወለደች ዕለት

ውድ ጋሽ እሸቴ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ ወደ ጉዳይ ይገባል ብለው ያስተማሩን ስድስተኛ ክፍል ነው። እኔ ግን ጤናዎን ልጠይቅ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይያዛል። ጉዳዬ ጤናዎ ሆነብኝ፤ የቱን አስቀድሜ የቱን እንደማስከትል ጠፋኝ። ስለዚህ የመምህሬን ትእዛዝ ጥሼ ከመሐል ልጀምር። ትምህርቱንም ቢሆን የተውኩት ከመሐል ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም። ይኸው፣ ገና ስጽፈው የራሴም ሳቅ መጣ። «ይህ ቀልድ አይደለም» ብዬ ስንቴ ነው ያታለልኩዎ? ስቱዲዮው ተቃጠለ ብዬ ከቅዳሴ ያስሮጥኩዎ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያልኩት። «ማርያምን» ብዬ ምያለሁ። «እናቴ ትሙት» ብዬ ምያለሁ፤ እናቴ ደህና ናት፣ ተመስገን። የምምልበት ነገር ሁሉ አልቆብኛል። ስለዚህ ዛሬ ሳልምል ነው የምጽፍልዎ። ሳልምል የዋሸሁዎ ነገር ስለሌለ ምናልባት እሱ ይሻል ይሆናል።

በስልክ እንዳልነግርዎ፣ ስልክ ወደ ጆሮዎ ሲጠጋ ድምፁ ሁሉ ቆርቆሮ እንደሚሆንብዎ እህትዎ እትዬ አሰለፈች ነግረውኛል። በቴሌግራም ብጽፍልዎ ደግሞ ከመጨረሻው ላይ የሚስቀውን ቢጫ ፊት ይፈልጋሉ። በወረቀት ግን ዋሽቼዎ አላውቅም። ጽፌልዎ ስለማላውቅ ነው።

እንዴት እንደተዋወቅን ያውቁታል። ቢሆንም ልጻፈው፤ ጥፋቴ ሥሩ እዚያ ነው።

እርስዎ ከአዲስ አበባ መጥተው የየሱፍን ሱቅ ጓዳ ለስቱዲዮ ሲከራዩ፣ እኔ ከፊት ባንኮኒው ላይ ቆሜ ለባጃጅ ሹፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭን ነበር። አንድ ኮምፔንሳቶ ነው የሚለየን። «ዕድሜያቸውን በሆቴል ጃዝ የተጫወቱ ሰው ናቸው» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጃዝ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የሚሰማኝ ሰው ዘፈን እየጀመረ ሲረሳ ነው።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን ካላወቁት ለምን ይጀምሩታል?» አልኩዎ በበሩ አንገቴን አስግጌ።

«መጨረሻውን ባውቀውማ ለምን እጀምረዋለሁ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ተሸነፍኩ። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም።

በማግስቱ እርስዎ ሳይመጡ ገብቼ የኪቦርዷን ቅኝት በቁጥር ከፍና ዝቅ የምታደርገዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ኪቦርዷን «በቅሎዋ» ነበር የሚሏት። ጉና ሥር ለሠርግ ሲሄዱ መኪና የማይደርስበት ሆኖ በበቅሎ ተጭና፣ በቅሎዋ ደንብራ ስትጥላት አንድ ነጭ ጥርሷ ረግፏል። ከዚያ ወዲህ የተጣለችው በጣለቻት ስም ተጠርታ ቀረች። እጅዎ የለመደውን ቦታ ሲነካ ሌላ ድምፅ ወጣ። እኔ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ አፌን አፍኜ ስድብ እጠብቃለሁ። እርስዎ ግን ትንሽ ቆም አሉና እዚያው የተሳሳተው ላይ መጫወት ቀጠሉ። ስህተቱ እንደ እንግዳ ገባ፤ ተቀመጠ፣ በላ፣ ጠጣ፤ መጨረሻ ላይ የቤቱ ሰው መሰለ።

«ማነው?» አሉ ሲጨርሱ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ነገም ንኪ።»

ሕጉን ያወጡት ያን ጊዜ ነው። «ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመሽ ግቢና በቅሎዋ ላይ አንድ ተንኮል ሥሪ። ምን እንደሆነ አትንገሪኝ። እየተጫወትኩ እፈልገዋለሁ። ካገኘሁት ሻይ ታመጫለሽ። ካላገኘሁት ዘፈኑ ውስጥ ይቀራል።»

«ለተንኮል ሰው የሚቀጥር ዛሬ አየሁ» አልኩዎ።

«እጄ በለመደው መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው» አሉኝ። «መንገዱ ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥለት ሰው ይፈልጋል።»

እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ይበጃታል» እያለች ስትጨነቅበት የኖረችው ነገር ሥራ ሆነ። ሦስት ቁልፎችን በፕላስተር አሰርኩ፤ እርስዎ በሌሉት ድምፆች ዙሪያ ዞረው ዜማ አወጡ። ከበሮውን አንስቼ ከቅዳሜ ገበያ የቀዳሁትን የጉና በግ ጩኸት ተካሁበት፤ እርስዎ በጉን አዘገዩት፣ አወፈሩት፣ የአንድ የሠርግ ዘፈን ቤዝ አደረጉት። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ሲሰሙት «ይቺ የፈረንጅ መሣሪያ ምን ትባላለች?» የሚሉኝ አሉ። «በግ» ስላቸው ይስቃሉ። እውነት ስናገር ነው ሰው የሚስቀው፤ ይህን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ።

የመቅጃም ነገር ነበረዎ። በሩን ሲከፍቱ ማይኩን ያበራሉ፤ በሩን እስኪዘጉ አያጠፉትም። «ሰው እየተቀዳ መሆኑን ካወቀ ይለብሳል፤ እኔ የምፈልገው ሳይለብስ ነው» ይሉ ነበር። የእኔ ሳል፣ የየሱፍ ክርክር፣ መብራት ሲጠፋ «ኤጭ» የሚሉት ነገር፣ ሁሉም በየወሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተከማችቷል። ይህን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ «ደጅ አትቁም» መጣች። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ፣ የምዘፍነውም እኔ ስለሆንኩ ያዘዝኩዎት ነገር ብዛቱ! ከበሮው ደረት ይምታ፤ ድምፄ በኦቶቲዩን እየታረመ ይለስልስ፤ ከላይ ክራር የመሰለ፣ ዋሽንት የመሰለ፣ ማሲንቆ የመሰለ ይደርደር።

«ጋፋት መድፍ ልታስቀልጪኝ ነው?» አሉኝ። «እስኪ ግጥሙን አንብቢው።»

አነበብኩት።

«ደጅ አትቁም፣ ግባ፤ ብርዱ የጉና ነው፣
ቤቱን ባዶ ያረግሁት ላንተ ብዬ ነው።»

«ቤቱ ባዶ ነው እያልሽ በዕቃ ሞልቼብሽ ማን ያምንሻል?» አሉኝ። «የዛሬ ዘፈን ሁሉ መጋዘን ሆኗል። ሰሚው የሚቀመጥበት የለም።»

አልሰማሁም። ያዘዝኩትን ካልደረደሩልኝ አልዘፍንም ብዬ አኮረፍኩ፤ እርስዎም ሰልችቶዎ ደረደሩልኝ። ዘፈኑ ሞላ። ሲሞላ ግን ለእኔም ቦታ ጠፋበት። ድምፄ በሰው መሐል እንደሚጋፋ ሰው ሆነ። «አሁንስ?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» አልኩ። ጥሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ወደዚያች ዕለት ልምጣ።

ግንቦት ልደታ ካለፈ በኋላ ነው። የጎረቤት ሠርግ አምሽቼ እንቅልፍ ጣለኝና ዘግይቼ ደረስኩ። ስገባ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። በቅሎዋን አልነካኋትም። ይህን ልድገመው፤ ወረቀቱ የተገዛው ለዚህ ነው። ያን ዕለት በቅሎዋን አልነካኋትም።

ላይኛዎቹን ቁልፎች ነኩና ፊትዎ ጠቆረ። ደገሙት።

«ዛሬ ምን አድርገሻት ነው?» አሉኝ።

«ምን ሆነች?»

«ላይኛዎቹ መንታ ሆነዋል። አንዱን ስነካው ሁለት ይመጣል። ሁለተኛው ከፊተኛው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጎምዝዞ።»

ሰማሁ። አንድ ነበር። ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ እንደሚሰማ፣ ንጹሕ አንድ ድምፅ። ሊያታልሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ተንኮሌን ሳልሠራ መምጣቴን አውቀው ሊያጋልጡኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ እጅ ልሰጥ?

«መንታ ከሆነማ በቅሎዋ ወልዳ ነዋ!» አልኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሏት እንጂ!»

ቀስ ብለው፣ «አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ታዲያ ሌላ ማን አለ?»

ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ አይቼዎ አላውቅም። እንባዎን በመዳፍዎ ጠረጉ። ከዚያ መፈለግ ጀመሩ። የቅኝቷን ቁጥር አዩ፤ ልክ ነው። አጠፏት፣ አበሯት። ገመዷን ነቅለው ሰኩ። «ይቺ ሰይጣን፣ ዛሬስ አሸነፍሽኝ» አሉ። «ካላገኘሁት ዘፈኑ ውስጥ ይቀራል ብያለሁ፤ ይቀራል።»

ይህን ሲሉ የሱፍ ደንበኛ መጣ ብሎ ጠራኝና ወጣሁ። ፍላሽ ጭኜ፣ ከደንበኛው ጋር ተላግጬ ስመለስ ሌላ ዘፈን ጠበቀኝ። ከላይኛዎቹ ቁልፎች ሸሽተው እጅዎን ወደ ታች አውርደዋል። ክራር የመሰለው የለም። ዋሽንት የመሰለው፣ ማሲንቆ የመሰለው የለም። ከታች ሦስት ወፋፍራም ድምፆች፣ እንደ ምሰሶ ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከላይ ምንም።

«ግቢና ዝፈኚ» አሉኝ።

ፈራሁ፣ ጋሼ። ወንበር በሌለው ቤት ውስጥ መሐል ወለል ላይ ያቆሙኝ ያህል ነው። ድምፄ ሲወጣ የማላውቃት ልጅ ሰማሁ፤ እኔ ነበርኩ። ስጨርስ «ኦቶቲዩኑስ?» አልኩዎ። «ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ሲተነፍስም ይሰማል። ቤቱን ቤት የሚያደርገው እሱ ነው፤ አልነካውም» አሉኝ።

ሐምሌ ላይ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ከሥሩ የጻፉትን አነበብኩ፦ «ቅንብር፦ እሸቴ እና ዓለሚቱ»።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አቀናበርኩ?»

«ዘፈኑን የሠራው መንታው ነው። መንታው ደግሞ ያንቺ ነው።»

ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ስሜን ደግሜ አየሁት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስሜ የሚጻፈው ሰሌዳ ላይ፣ አለቃችን «የሚረብሹ» ብሎ ካሰመረው መስመር ሥር ነበር። በሌላ ነገር ላይ ተጽፎ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አፌን ዘጋሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሱቅ ድረስ እየመጡ «ያ ባዶ ቦታ እንዴት ታሰበ?» ሲሉኝ «በቅሎ አዋልጄ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ አብረውኝ ፎቶ ይነሳሉ።

አሁን የቡሄን ልንገርዎ። ይህኛውን አያውቁትም።

ደብረ ታቦር፣ የከተማችን የስም ቀን ነውና ሰፈሩ ገና ከጠዋቱ በጅራፍ ጩኸት ተናግቷል። እርስዎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብለው የተወሳሰበ የማይክ ገመድ ይፈታሉ። ሳይዎት ተንኮሌ ተነሳ። ከአንዱ ልጅ ጅራፉን ነጠቅሁና በግራዎ በኩል በቀስታ መጥቼ ጆሮዎ ሥር አጮኽኩት። የሱፍ ከባንኮኒው ጀርባ ዘለለ፤ የያዘው ስልክ ከእጁ ወደቀ። «አንቺ ልጅ! ልቤን ልታቆሚው ነው እንዴ?» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

እርስዎ ገመድዎን ይፈታሉ።

«ጋሼ» አልኩ። አልዞሩም። በቀኝዎ በኩል ዞሬ መጣሁ።

«መጣሽ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ተመለከቱና፣ «ዘንድሮ ጅራፍ አያጮሁም እንዴ? ዝም ብለው ይወዛወዛሉ» አሉኝ።

ጅራፉን ከኋላዬ ደበቅሁት። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ጋሼ። በቅሎዋ ውስጥ ያላገኙት መንታ የት እንደነበረ ገባኝ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። እኔ ገርፌ እንኳ አልጮኽኩም፤ ከጅራፍም ባስኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ዘፈኑን ያደነቀ ሰው ይመጣል፤ ለሌላ ነገ አሳድረዋለሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው የሚያደነቁረኝ ሲሉኝ «አዎ ዝናቡ ነው» አልኩ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጆሮዬ ውስጥ አላባራም ሲሉኝ «ተከራይቶ ነዋ፣ በግድ አይወጣም» ብዬ ቀለድኩ። ሳቁልኝ። በሳቁልኝ ቁጥር አንድ ቀን ጠፋ፤ ያ ቀን የእርስዎ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ እህትዎ መጥተው አዲስ አበባ ወሰዱዎ። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ዓለሚቱ፣ እንደምን አለሽ» አሉኝ። «ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ አጥብቆ ይጠይቃል። የግራው አልሆነም። የቀኙን ለማትረፍ፣ ድንገት የመጣ ከሆነ አንድ መድኃኒት ነው፣ እያደር የመጣ ከሆነ ሌላ ነው ይላል። እሸቴ ከዘመን መለወጫ ወዲህ ነው ባይ ነው። አንቺ አብረሽው ትውዪ የለ? ያየሽው ነገር አለ?»

ይኸው፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ሌላ ሰው ይገባበታል። እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ እኔ ስዘፍን ድሮም ጆሯቸውን ይደፍኑ ነበር፤ ምኑን አየዋለሁ?» እሳቸው ሳቁ። «በይ ደህና ሁኚ» ብለው ዘጉት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል፤ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አልደርስበትም።

በማግስቱ ያ የእርስዎ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። «ዓለሚቱ፣ ሁለተኛው ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ መጥቷል። ግንቦት ላይ ያደረግሽውን ድገሚልኝ። በቅሎዋን መንታ አስወልጃትና ቀድተሽ ላኪልኝ፤ እዚሁ ሆኜ እሠራበታለሁ። ምን እንደሆነ አሁንም አትንገሪኝ።» ሲናገሩ ጮክ ይሉ ነበር፤ የራሱ ድምፅ የማይሰማው ሰው እንደሚጮኽ።

ጓዳው ገባሁ። ያለበሷትን ጨርቅ ገለጥኩና ላይኛዎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካሁ። አንድ። አንድ። አንድ። ሁሉም ለየብቻው። በቅሎ ናት፣ ምን ታድርግ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የግንቦቱን ቅጂ ፈለግሁ። አልጠፋም። ማዳመጫውን አድርጌ ሰማሁት። ከላይ የጻፍኩልዎ ሁሉ አለ፤ የመንታው ወሬ፣ ማርያም ማረችሽ፣ የእርስዎ ሳቅ፣ የየሱፍ ጥሪ፣ የእኔ ጫማ ሲወጣ። እዚያ ድረስ የማውቀው ነው። እኔ ስወጣ ግን ማይኩ አልወጣም።

ብቻዎን አንዷን ላይኛ ቁልፍ ነኩ። ቆዩ። ደግመው ነኩ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። እሷ ናት።»

ማዳመጫውን አውልቄ ቁጭ አልኩ።

እርስዎ ፈርተው ነበር፤ እኔ የማላውቀውን ያኔውኑ ጠርጥረው ነበር። «አንቺ ነሽ?» ብለው በቀስታ የጠየቁኝ ስለ ተንኮል አልነበረም። አይደለሁም ብልዎ ኖሮ በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ይሄዱ ነበር። እኔ በዋዛ የወረወርኩትን እርስዎ እንደ ምሥራች ተቀበሉት። ጉና ሥር በበቅሎ የሄዱ ሰው፣ በቅሎ እንደማትወልድ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁ ሰው፣ ወለደች ስልዎ አመኑኝ። ማመን ስለፈለጉ ነው። እንዲያ የሚፈልግን ሰው ማታለል ተንኮል አይባልም። ስሙን አላውቅም፤ ከመሐል ስለወጣሁ ይሆናል እዚያ ትምህርት ላይ አልደረስኩም።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩና ለእትዬ አሰለፈች ደወልኩ።

«እትዬ፣ የጀመራቸው ግንቦት ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጆሯቸው። ላይኛው ድምፅ ሁለት ይሆንብኛል ያሉት ግንቦት ላይ ነው። እኔ ነኝ ብዬ ዋሸኋቸው እንጂ ኪቦርዷ ምንም አልሆነችም ነበር።»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ይህ የሐኪም ነገር ነው፤ ዛሬስ ማሪን። ባለፈው ሳምንት ምኑን አየዋለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ የትኛውን ልመን?»

የጠየቁኝ ልክ ነበር። «እሱ ከአፉ የሚለውን ነው ለሐኪሙ የምናገረው። ሰኞ እንደገና ያየዋል» አሉና ዘጉት።

ከአፍዎ የወጣው ደግሞ እኔ ጋ አለ።

ወደ ባንኮኒው ወጣሁ። የሱፍ ዕቃ ሊጭን ነገ አዲስ አበባ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

«የሱፌ፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ?» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ምን ሰርቀሽ ልትጠፊ ነው?»

«ጆሮ» አልኩት።

ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን አየውና ተወው። «ከጋሽ እሸቴ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። የቡሄ ዕለት የወደቀችውን ስልኩን፣ መስታወቷ የተሰነጠቀውን፣ እጁ ላይ እያገላበጠ ቆየ። «እኔም አይቼ ነበርኮ» አለኝ። «እንዳልዞሩ አይቻለሁ። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ነው።» ከዚያ፣ «ጠዋት ቶሎ ድረሺ፣ እንደ ስቱዲዮው እንዳታረፍጂ» አለኝ።

ጋሼ፣ ፍላሿን ከደብዳቤው ጋር አጥፌያታለሁ። ውስጧ ያለው ያ ቅጂ ብቻ ነው፤ ቀኑም ላዩ ላይ አለ። ለእትዬ አሰለፈች ያሰሟቸው፤ ሰኞም ለሐኪሙ ያሰሙት። የእኔን ቃል ማንም እንዲያምን አልለምንም። የእርስዎን ድምፅ ይመኑ። የመጨረሻዋን፣ ብቻዎን ሆነው ያሏትን ግን ሰው ፊት መስማት ካልፈለጉ ከዚያ በፊት ያቁሙት። እኔ ሰምቻታለሁ፤ ይበቃል።

ዘፈኗን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መንታውን የሠራው እኔ አይደለሁም፤ በሽታውም አይደለም። የራስዎ ጆሮ ሲያሳስትዎ ከሚያሳስተው ቦታ ዞር ብለው ለእኔ የለቀቁልኝ እርስዎ ነዎት። ቅንብሩ ላይ አንድ ስም ነው መኖር ያለበት። የእኔን ራሴ እንዳልሰርዘው የዩቲዩቡ የሚስጥር ቁጥር እርስዎ ዘንድ ነው፤ ያጥፉልኝ። ሁለተኛው ዘፈን ደግሞ ከመጣ፣ እኔም ከተፈቀደልኝ፣ በቅሎዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እርስዎ የነኩት ድምፅ ለእኔ ስንት ሆኖ እንደመጣ እነግርዎታለሁ። አንድ ከሆነ አንድ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት። ተንኮል ሌላ ቦታ አላጣም፤ የሱፍ አለልኝ።

ይህን ሲያነቡ እኔ ከደጁ ነኝ። የሱፍ ነው ደብዳቤውን ይዞ የሚገባው፤ እኔ ውጭ እቆማለሁ። «ደጅ አትቁም» ብዬ የዘፈንኩት ለሌላ ሰው ነበርና ዛሬ ለእኔ አይሠራም። ቅር ካለዎት ለየሱፍ ይንገሩት፤ ከእሱ ጋር እመለሳለሁ። ግቢ ካሉኝ ግን እመጣለሁ።

በቀኝዎ በኩል ነው የምመጣው።

በቅሎዋን ያላዋለደችው
ዓለሚቱ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት